ሉላችሁ ስንት ዘመኑ ነው? በካርበን 14 ለማስለካት የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

የሉል ዕድሜ ይለካል። ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ወዲያው የሚጠብቁት ቁርጥ ያለ ዓመተ ምሕረት ነው፤ «በ1887 ዓ.ም. ከባህር የወጣ» የሚል ወረቀት። እንደዚያ ያለ ወረቀት የሚሰጥ ላብራቶሪ ካጋጠማችሁ ሽሹት። የምታገኙት «ከዚህ እስከዚህ ባለው ጊዜ ውስጥ» የሚል መልስ ነው፣ እሱም አንዳንዴ ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ይሰፋል። አንድ ጥያቄ ላይ ግን ካርበን 14 (ጊዜ በሄደ ቁጥር ቀስ እያለ የሚያልቅ የካርበን ዓይነት) አይታማም፦ ሉሉ ያደገው ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለአብዛኛው የደሴና የኮምቦልቻ ቤተሰብ ደግሞ ቁም ነገሩ ይኸው ነው።

ለምን ብትሉ፣ እዚህ አካባቢ ሳጥን ውስጥ የሚገኝ ሉል ከሁለት መንገድ በአንዱ የመጣ ነው። አንዱ የድሮው የቀይ ባህር ንግድ ነው። በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ጠላቂዎች ሉል ያወጡ ነበር፣ በምጽዋ በኩልም ይነገድ ነበር። ሐጅ አድርገው የተመለሱ ሰዎችም ጌጥ ይዘው ይመጡ ነበር። ሌላው መንገድ ትናንት ከዱባይ ወይም ከሳዑዲ በሻንጣ የገባው የእርባታ ሉል ነው። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። በዋጋና በታሪክ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፣ ስለዚህ «ከጣሊያን በፊት ነው» ሲባል የኖረ ሐብል ያለው ሰው እርግጠኛ መሆን ቢፈልግ አልፈርድበትም።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ የምትሠሩት

ብር ከማውጣታችሁ በፊት የያዛችሁት ነገር በካርበን 14 የሚለካ መሆኑን አረጋግጡ። ደሴ ውስጥ ይህን መናገር የግድ ነው፣ ምክንያቱም የደላንታ ኦፓል ያላቸው ሰዎች «የኔንስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው። የሚለካ ካርበን ስለሌለው አይሆንም። የተስቢህ (የሙስሊሞች መቁጠሪያ) አምበር ካርበን ሞልቶታል፣ ግን እውነተኛ አምበር ሚሊዮኖች ዓመታት ያስቆጠረ ሙጫ ነው። ካርበን 14 ደግሞ ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ የሚለካ ነገር አይተርፈውም። ቀይ መርጃን (ኮራል) ይሆናል። የዝሆን ጥርስም ይሆናል። ሉል ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ በደንብ ይሆናል።

ቀጥሎ፣ ፎርጅድ አለመሆኑን እዩ። ሉሉን በፊት ጥርሳችሁ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አሹት። እውነተኛ ሉል ደቃቅ አሸዋ እንደነካው ይሻክራል፣ በብርጭቆ ወይም በፕላስቲክ ላይ ቀለም የተቀባው ያዳልጣል። ይህ ሙከራ የተፈጥሮውን ከእርባታው አይለይም፣ ሁለቱም ይሻክራሉ። አስመሳዩን ለመጣል ግን ይበቃል። በሎሚ ወይም በኮምጣጤ የሚፈትኑ ሰዎች አሉ። እባካችሁ እንዳትሞክሩት። አሲድ ሉልን ይበላዋል፣ የተነሳው አረፋም የሉላችሁ አካል ነው።

ሦስተኛው ነገር ቀዳዳው ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች አንዱ ጋ ቆሜ ሳለ አንጥረኛው አሥር እጥፍ የሚያጎላውን መነጽር ዓይኑ ላይ ለጥፎ የአንዲት ሴትዮን ሐብል ከመብራት ፊት አንድ በአንድ ሲያዞር ቆየ። ከዚያ አንዱ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ምን አዩ?» አልኩት። «ቆዳው ሌላ፣ ሆዱ ሌላ» አለኝ፣ መነጽሩንም ሰጠኝ። በቀዳዳው ግድግዳ ላይ፣ ከአፉ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ፀጉር የምታክል ጠቆር ያለች መስመር ዙሪያውን ትሄዳለች። ከመስመሯ ወደ ውጭ ያለው የሚያብለጨልጭ ቆዳ ነው። ወደ ውስጥ ያለው ነጭ፣ ወጥ፣ ድፍን ፍሬ ነው። የእርባታ ሉል ማለት ይኸ ነው፦ ሰው ከዛጎል የተሠራ ክብ ፍሬ ኦይስተር (ሉል የሚሠራው ባለዛጎል የባህር እንስሳ) ውስጥ ይከታል፣ እንስሳውም በላዩ ላይ ቆዳ ይሠራበታል። ጃፓናዊው ሚኪሞቶ ኮኪቺ የመጀመሪያውን ግማሽ ክብ የእርባታ ሉል ያገኘው በ1893 እ.ኤ.አ. ነው፤ ድቡልቡሉ የእርባታ ሉል ገበያውን ያጥለቀለቀው ግን ከ1920ዎቹ ወዲህ ነው። እንግዲህ መስመሯን ካያችሁ የላብራቶሪ ክፍያ ሳያስፈልጋችሁ አንድ ነገር አወቃችሁ፦ ያ ሉል ከ20ኛው መቶ ዓመት በፊት የተሠራ አይደለም።

መስመሯን ካላያችሁ የተፈጥሮ ነው ማለት ግን አይደለም። ፍሬ ሳይከተትባቸው የሚራቡ ሉሎች አሉ፣ የቻይና የወንዝ ሉል አብዛኛው እንደዚያ ነው። እዚህ ላይ በጌጣጌጥ ላብራቶሪ የሚነሳ ራጅ ያስፈልጋል። የሆስፒታሉ ራጅ የአጥንት ስብራት ያሳያችኋል እንጂ የሉልን የውስጥ ቀለበት አይለይላችሁም።

ካርበን 14 ሉል ውስጥ ምን ይሠራል?

አሳጥሬ ልንገራችሁ። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር አየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን እየመታ ካርበን 14 ይፈጥራል። ይህ ካርበን ወደ ዕፅዋት፣ ወደ እንስሳት፣ ወደ ባህር ውሃም ይገባል። ኦይስተሩ ሉሉን ሲሠራ ከባህሩ ውሃ ካርበን ይወስዳል። ቆዳው ከተሠራ በኋላ አዲስ ካርበን አይገባበትም፣ ያለው ብቻ ቀስ እያለ ይበሰብሳል፤ በየ5,730 ዓመቱ ግማሹ ያልቃል። የቀረውን ቆጥራችሁ ያለፈውን ጊዜ ታሰላላችሁ። ዊላርድ ሊቢ የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ይህን ዘዴ አግኝቶ በ1960 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስዶበታል።

ችግሩ ባህር ላይ ነው። የአየሩ ካርበን አዲስ ነው፣ የባህሩ ግን የተደባለቀ ነው፤ ጥልቁ ውሃ ለብዙ መቶ ዓመታት ከአየር ሳይገናኝ ቆይቶ ወደ ላይ ሲወጣ ያረጀ ካርበን ይዞ ይመጣል። የካቻምና ጤፍና የዘንድሮ ጤፍ አንድ ጆንያ ውስጥ ደባልቃችሁ «ይህ የመቼ ምርት ነው?» እንደማለት ነው። በዚህ የተነሳ ዛሬ ጠዋት ከባህር የወጣ ዛጎል እንኳ፣ የኒውክሌር ሙከራ ባይኖር ኖሮ፣ ማሽኑ ላይ «አራት አምስት መቶ ዓመቴ ነው» ይል ነበር።

የኒውክሌር ሙከራውስ? በ1950ዎቹና እስከ 1963 እ.ኤ.አ. ድረስ ኃያላኑ አገሮች አየር ላይ ያፈነዱት ቦምብ የአየሩን ካርበን 14 ወደ እጥፍ አስጠጋው። በ1963 በአየር ላይ መሞከር የሚከለክለው ስምምነት ተፈረመ፣ ከዚያ ወዲህ መጠኑ እየወረደ ነው። የባህሩ የላይኛው ውሃ ይህን የቦምብ ካርበን ዘግየት ብሎ ነው የተቀበለው፣ ጣሪያው ላይ የደረሰውም በ1970ዎቹ ገደማ ነው። በዚያ ዘመን ያደገ ሉል ይህን ምልክት ይዟል። ከዚያ በፊት ያደገ አልያዘም። ቅድም ከ1950ዎቹ በፊት ወይስ በኋላ የሚለው ጥያቄ ላይ አይታማም ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ናሙና አወጣጥ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ነገር የሚበላሸው፣ ስለዚህ ተረጋግታችሁ አንብቡ።

ከሁሉ በፊት የባለቤትነትና የፈቃድ ጉዳይ አለ። ሉሉ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ ወይም የሙዚየም ከሆነ፣ ወይም ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ከሆነ፣ በመርፌም አትንኩት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚመለከተው ነገር ነውና መጀመሪያ ወደ ከተማችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ በእሱም በኩል ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሂዱ። ናሙናው ከአገር ስለሚወጣ ወረቀቱ ይፈለጋል። የቤተሰብ ጌጥ ቢሆንም ያረጀ ከሆነ ጠይቃችሁ ብትልኩ ይሻላል፣ ኤርፖርት ላይ ከመጨቃጨቅ ያድናል። በቤት ውስጥም እናትን፣ አክስትን፣ ድርሻ ያለውን ሁሉ አስፈቅዱ፤ ዱቄቱ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ስንት ያስፈልጋል? የዙሪኩ ኢ.ቲ.ኤች. ዩኒቨርሲቲና ባዝል ያለው የስዊዘርላንድ የጌጣጌጥ ድንጋይ ተቋም (ኤስ.ኤስ.ኢ.ኤፍ.) በጋራ ሲሠሩበት የቆዩት መጠን በጥቂት ሚሊግራም የሚቆጠር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ካልሲየም ካርቦኔት ውስጥ 12 በመቶው ካርበን ነው፣ ስለዚህ 8 ሚሊግራም የሉል ዱቄት 1 ሚሊግራም ገደማ ካርበን ይሰጣል። አንድ ካራት 200 ሚሊግራም ነውና 8 ሚሊግራም ማለት የአንድ ካራት ሉል 4 በመቶ ነው። ከቀዳዳው ውስጥ ከተወሰደ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ማንም አያየውም።

ለሚዛን የወርቅ ቤቱን አትመኑ። እሱ የሚለካው እስከ 0.01 ግራም ነው፣ ያ ደግሞ 10 ሚሊግራም ስለሆነ ናሙናችሁን እንዳለ ይውጠዋል። የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ያለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 0.0001 ግራም የሚያነብ ሚዛን አለ። ዱቄት ከመውጣቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ሉሉን እዚያ አስመዝኑት።

ናሙናውን ራሳችሁ ባታወጡ ደስ ይለኛል። ሉሉን ሙሉውን ተቀብሎ ራሱ የሚወስድ ላብራቶሪ ከተገኘ ያ ይመረጣል። ካልተገኘ ግን የለመደ አንጥረኛ በቀጭን የተንግስተን ካርባይድ መሰርሰሪያ፣ በዝግታ፣ ያለ ዘይትና ያለ ውሃ፣ ከቀዳዳው ግድግዳ ላይ ይፋቅላችሁ። የመጀመሪያው ዱቄት ይጣላል። ክሩ፣ ላቡ፣ የፀጉር ቅቤው፣ የዕጣኑ ጢስ የነካው እሱን ነው። ከሉሉ ጋር የሚደባለቅ አዲስ ካርበን ሉሉን ልጅ ያስመስለዋል፤ ቫዝሊን፣ ሰምና ሙጫ ደግሞ ከነዳጅ የተሠሩ ከሆኑ ካርበን 14 ስለሌላቸው ያስረጁታል። ስለዚህ ከመፋቁ በፊት ሉሉን በምንም አትወልውሉት፣ አትቀቡት፣ አታጣብቁት።

የእርባታ መሆኑ የተጠረጠረ ሉል ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ዱቄቱ ከቆዳው ነው ወይስ ከፍሬው? ፍሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከሚሲሲፒ ወንዝና ገባሮቹ ከሚገኝ የወንዝ ዛጎል ነው። የወንዝ ውሃ በኖራ ድንጋይ ላይ ሲያልፍ ካርበን 14 የሌለው ጥንታዊ ካርበን ያሟሟል፤ በዚያ ውሃ ያደገ ዛጎልም ከዕድሜው በላይ አርጅቶ ይታያል። መሰርሰሪያው ሳታውቁት ፍሬው ውስጥ ከገባ የትናንት ሉል የመቶዎች ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ቁጭ ይላል። ቆዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም፣ እና ከቀዳዳው አፍ ብቻ ይፋቅ።

ዱቄቱን በንጹሕ የአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ ውስጥ ክተቱ። ጥጥ፣ ሶፍት፣ የላስቲክ ከረጢት አይሆንም፣ ሁሉም ካርበን ናቸው። መለያውን በእርሳስ ጽፋችሁ ብልቃጡ ላይ ከውጭ እሰሩት። ሉሉን ከሁሉም አቅጣጫ፣ ቀዳዳውንም ጭምር፣ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱት።

ላብራቶሪው ጋ ምን ይደረጋል?

ናሙናው ወደ ውጭ ይሄዳል። በአህጉራችን ጆሃንስበርግ ያለው አይቴምባ ላብስ ካርበን 14 የሚለካ ኤክሰለሬተር (አተሞችን አፍጥኖ የሚለይ) ማሽን አለው። አውሮፓም ብዙ አሉ። ከመላካችሁ በፊት ኢሜይል ጻፉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሉል ወይም ዛጎል ለክታችሁ ታውቃላችሁ ወይ? ዝቅተኛው የናሙና ክብደት ስንት ነው? የባህር ማስተካከያውን (ባህሩ ያመጣውን የውሸት እርጅና መቀነሱን) እናንተ ትሠሩታላችሁ ወይስ ጥሬውን ቁጥር ብቻ ትሰጡናላችሁ? ዋጋው በዶላር ወይም በዩሮ ነው፣ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

እነሱ ዱቄቱን በቀላል አሲድ ላዩን ያጥቡታል፣ ከዚያ በፎስፎሪክ አሲድ አሟሙተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ያወጡለታል። ጋዙ ወደ ግራፋይት ተለውጦ ኤክሰለሬተሩ ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑም የካርበን 14 አተሞችን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ይህ ባይኖር ምን ይፈጠር ነበር? 1 ሚሊግራም የዘመናችን ካርበን ውስጥ 60 ሚሊዮን ገደማ የካርበን 14 አተሞች አሉ። በአንድ ቀን የሚበሰብሱት ግን 20 ያህል ብቻ ናቸው። በሊቢ ዘመን የሚቆጠረው መበስበሱ ስለነበር ለአንድ ልኬት በግራም የሚቆጠር ካርበን ይፈለግ ነበር፣ ለሉል ሲባል ሐብሉን በሙሉ መፍጨት ማለት ነው። አተሙን ራሱን መቁጠር የተጀመረው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። የአያት ጌጥ ሳይጠፋ መለካት የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

የተቀበረ ወይም እሳት የነካው ሉል ከሆነ አንድ ተጨማሪ ምርመራ ጠይቁ። የሉል ካልሲየም ካርቦኔት በተፈጥሮው አራጎናይት በሚባለው ቅርጽ ነው። ወደ ካልሳይት ከተለወጠ ሉሉ እንደገና ተሟሙቶ ተሠርቷል፣ ከአካባቢው ውሃም ካርበን ወስዶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የዚያ ሉል ቁጥር አያስተማምንም።

ውጤቱን ማንበብ

ወረቀቱ ሲመጣ ዓይናችሁ የሚያርፈው ትልቁ ቁጥር ላይ ነው። እሱን ተዉትና መጀመሪያ «የዘመናዊ ካርበን ድርሻ» የሚለውን ፈልጉ።

ከ1 በላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ 1.08፣ ነገሩ አለቀ። የቦምብ ካርበን አለበት፣ ሉሉ ያደገው ከ1950ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ነው። ስለ ጣሊያን ዘመን የተነገረው ሁሉ ለዚያ ሉል አይሠራም። ትክክለኛ ዓመቱን ልፈልግ ካላችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት መልስ ይመጣል፣ መጠኑ ሲወጣም ሲወርድም በዚያ ቁጥር ላይ አልፏልና።

ከ1 በታች ሲሆን ነው ሰው የሚታለለው። ልኬቱ 0.945 መጣ እንበል። ስሌቱ የቁጥሩን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም በ−8,033 ማባዛት ነው፣ መልሱ 454 ዓመት። ከ1950 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ የሚቆጠር ነው፣ በእኛ 1942 ዓ.ም. መሆኑ ነው። «ከግራኝ ዘመን በፊት የነበረ ሉል!» ተብሎ ቤቱ እልል ሊል ይችላል። ቆይ! ይህ ጥሬ ቁጥር ነው፣ የባህሩ እርጅና ገና አልተቀነሰለትም። ከተቀነሰለት በኋላ ይኸው ሉል በ19ኛው መቶ ዓመት ወይም በ20ኛው መጀመሪያ ያደገ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያም ቢሆን የሚያኮራ ነው! ዋናው ግን የ450 ዓመት ሉል ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው «ማስተካከያው ተሠርቷል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ መቻላችሁ ነው።

ማስተካከያውን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ኦክስካል እና ካሊብ የሚባሉ ፕሮግራሞች ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ። ጥሬውን ዕድሜና ስህተቱን ታስገባላችሁ፣ ማሪን20 የሚባለውን የባህር መስመር (ጥሬውን ዕድሜ ወደ ትክክለኛ ዓመት የሚመልሰውን) ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ሉሉ የወጣበትን ባህር ልዩነት (ያ ባህር ከአማካዩ የሚርቅበትን ዓመት) ትጨምራላችሁ። ልዩነቱን ካሊብ ባለው የባህር ማስተካከያ መረጃ ቋት ካርታ ላይ ቀይ ባህርን ወይም የፋርስ ባሕረ ሰላጤን ጠቅታችሁ ታገኙታላችሁ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፦ ለቀድሞው ማሪን13 የተሰላን ልዩነት ከማሪን20 ጋር ማስገባት ውጤቱን ከመቶ ዓመት በላይ ሊያዛባው ይችላል፣ የሁለቱ መነሻ አንድ አይደለምና። ሌላም አለ፤ ዕድሜውን በ5,730 እንደገና ላስላው የሚል ጎበዝ አይጠፋም። አይነካም። ጥሬው ዕድሜ በዓለም ሁሉ የሚሰላው በሊቢ የቀድሞ ቁጥር፣ በ5,568 ዓመት ነው፣ ያቺን ልዩነት የሚያርመውም መስመሩ ራሱ ነው።

የመጨረሻው መልስ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ያለውን ክልል ይዞ ይጻፋል። ሉሉ የየትኛው ባህር እንደሆነ ካላወቃችሁ ስሌቱን በሁለቱም ባህር ሠርታችሁ ሁለቱንም አስፍሩ።

ይህ ሁሉ የሚነግራችሁ እንስሳው ሉሉን የሠራበትን ጊዜ እንጂ ሐብሉ የተሰካበትን አይደለም። የመቶ ዓመት ሉል ትናንት በተገዛ ክር ሊሰካ ይችላል። ሳይንቲስቶችም አብሮ የተገኘውን ነገር የሚመረምሩት ለዚህ ነው። አቡ ዳቢ አጠገብ ማራዋህ ደሴት ላይ በ2017 እ.ኤ.አ. የተገኘው ሉል ወደ 8,000 ዓመት ይጠጋል የተባለው የተገኘበት የአፈር ንብርብር በካርበን 14 ተለክቶ ነው። በጃቫ ባህር ከሰጠመው የሲሬቦን መርከብ የወጡት ሉሎች ግን ራሳቸው ተለክተዋል፣ ውጤታቸውም መርከቧ ከሰጠመችበት ከ10ኛው መቶ ዓመት ጋር ተስማምቷል።

የእናንተ ሐብል ላይ የብር ማያያዣ፣ የተጻፈበት ቁራጭ፣ ከነሳጥኑ የቀረ ደረሰኝ ካለ ከልኬቱ ጋር አብራችሁ ያዙት። ሽማግሌዎቻችሁንም ማን ለማን እንደሰጠው አሁኑኑ ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። የላብራቶሪውን ወረቀት ሲያስረክቧችሁ የናሙናው መለያ ቁጥር መኖሩን አረጋግጡ፤ የተረፈ ዱቄት ካለም ይመለስልን በሉ፣ ሌላ ጊዜ እንደገና ለማስለካት ያገለግላል።